ኩልል ያለው ውሃ

ታናሽ እህቴ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። የማያውቃት ሰው ይህን ጨዋነት አድርጎ ያይላታል። «እንዴት ያለች ቁጥብ ልጅ ናት!» ያሉኝም አሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጥርሷ በልዟል። የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁረዋል፤ ግራና ቀኛቸው ያሉት ደግሞ እንደ ዛገ ቆርቆሮ መስመር መስመር አውጥተዋል። የእኔ ነጭ ነው። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ተወልደን፣ ከአንድ መሶብ በልተን ነው ያደግነው። በመካከላችን ያለው ሰባት ዓመት ብቻ ነው።

የተወለድነው ከመቂ ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው፤ እኔ በ1979 ዓ.ም.፣ እሷ በ1986። በእኔ ልጅነት የምንጠጣው ከወንዙ ነበር። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባ ነው፤ ክረምት ሲሆን ወተት የገባበት ቡና መስሎ ይመጣል። እናቴ እንስራውን ሳትነካ ታሳድረዋለች፤ ሲነጋ ከሥሩ ጣት የሚያህል ደለል ተኝቶ ይገኛል። ከላይ ያለውን ቀስ ብለን እየቀዳን እንጠጣለን። ተቅማጥ ለእኛ ለልጆቹ እንደ ጉንፋን ነበር፤ የሚመጣበት ወር ሳይቀር ይታወቃል። በእኔና በእህቴ መካከል አንድ ወንድም ነበረን። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በአንድ ሳምንት ተቅማጥ፣ ሄደ። እናቴ ስለ እሱ አታወራም። አባቴም አያወሩም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያዛቸው።

የያዛቸው የጉድጓድ ነገር ነው። የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኑና ማመልከቻ በኮት ኪሳቸው ይዘው ከወረዳ ናዝሬት፣ ከናዝሬት አዲስ አበባ ሲመላለሱ ከረሙ። «ነገ ተመለሱ» ያላቸውን ሁሉ ነገ ይመለሱበታል። በ1987 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት የመቆፈሪያ መኪናውን እያንጓጓ መጣ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ነው ያየሁት። ጭቃው ለቀናት ሲተፋ ቆይቶ በመጨረሻ ውሃ ወጣ። ቦኖ ተተከለ፣ በሬ ታረደ፣ ቄሱም ሼኩም በየተራ መረቁ። አባቴ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ አነሡት። «እዩት! እዩት እንግዲህ! ኩልል ያለ!» እያሉ ሰውን ሁሉ አዞሩት። በብርጭቆው ውስጥ ከማዶ የቆመው ሰው ፊት ይታይ ነበር። በሕይወቴ አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕፃን በተቅማጥ ተቀበረ ሲባል የሰማሁት ከሁለቴ አይበልጥም። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል፤ ወደ ኋላ የምለው ነገር እንዳይሸፍነው።

የእህቴ የወተት ጥርስ ረግፎ አዲሱ ሲወጣ እንደ ኖራ ሻካራና ነጣ ያለ ነበር። ቆይቶ መጠየም ያዘ። የእኩዮቿም እንደዚያው። እናቴ መጀመሪያ ሰነፍ ናት ብላ ተቆጣች፤ ቀጥላ መፋቂያ አስያዘቻት፤ አልሆን ሲል በከሰል፣ በአመድ፣ በሎሚ አሻሸችላት፤ ድዷ ደማ እንጂ ጥርሷ አልነጣም። አንድ አስተማሪ «ጥርሳችሁን የማትፍቁ» እያለ እነሱን ለብቻ አሰልፏቸው ያውቃል። አዲስ አበባ መጥታ ኮሌጅ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ ለአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ተፈተነች፤ በጽሑፉ አለፈች፤ ለቃል ፈተና ስትቀርብ ፈታኙ «እስቲ ፈገግ በይ» አላት። ፈገግ አለች። ሰውዬው ወረቀቱን ገልብጦ «እንጠራሻለን» አላት። እስከ ዛሬ አልተጠራችም፤ ነርስነት ተምራ በሌላ በር ገባች እንጂ።

አንድ ቀን ጥርስ ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድሁ። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየና የመጀመሪያ ጥያቄው «የት ነው ያደግሽው? መቂ? ዝዋይ? ወንጂ?» የሚል ነበር። እንደ ጠንቋይ ነው ያየሁት። ለካ ጥርስ የትውልድ ቦታ ያሳብቃል! ፍሎራይድ የሚባል ነገር ከጉድጓዱ ውሃ ጋር ገብቶ ነው አለን። ልጅ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው፣ ቋሚ ጥርሱ ከድድ በታች በሚሠራበት ጊዜ ከጠጣው፣ የጥርሱ ልባስ ገና ሲፈጠር ይበላሻል። እኔ ቦኖው ሲመጣ ጥርሴ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ያን ድፍርስ የወንዝ ውሃ ጠጥቼ ነጭ ጥርስ አወጣሁ፤ እሷ ያን ኩልል ያለውን ጠጥታ የበለዘ።

ከሐኪሙ ስንወጣ እህቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «እትዬ፣ ለአባባ እንዳትነግሪ። ሰውዬው ልጁ ሞቶበት ነው ያስቆፈረው።»

አልነገርሁም። ወሬው መቼም መንደር ደርሷል፤ ባለሙያዎች መጥተው «ፍሎራይድ» ብለው ሄደዋል፤ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ የሚባልም መጥቶ፣ ጥቂት ሠርቶ፣ ከሰሉን የሚቀይር ጠፍቶ ቆሟል። አባቴ ሰምተዋል። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ጥርስ አይገድልም። ተቅማጥ ነው የሚገድል።» በቤታችን ነገሩ በዚህ ተዘጋ፤ ለሃያ ዓመት ማንም አልከፈተውም።

እኔ ቋሚ ሥራ የለኝም። ለጋዜጣና ለመጽሔት እጽፋለሁ፤ እሱ የቤት ኪራይ ስለማይከፍል በገጽ እየታሰበልኝ እተረጉማለሁ። አምና ክረምት ስለ መጠጥ ውሃ የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ሰጡኝ። ርእሱ አርሴኒክ ነበር። እውነቱን ለመናገር አርሴኒክን የማውቀው በመርማሪ ልብ ወለድ ነው፤ ውርስ የቸኮለ የወንድም ልጅ በአጎቱ ሾርባ ውስጥ የሚነሰንሰው። ቀለም የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ሽታ የለውም። ጽሑፉ ግን ነፍሰ ገዳይ የሌለበት ነበር። በተራራ ዓለት ውስጥ ስለሚኖርና ራሱ ከወንዝ ጋር ስለሚወርድ አርሴኒክ ነበር የሚያወራው። በገጽ ስለሚከፈለኝ ፈጠን ብዬ ልጨርሰው ነበር ያሰብሁት። አንቶፋጋስታ የተባለች ከተማ ላይ ስደርስ ቆምሁ።

አንቶፋጋስታ በሰሜን ቺሊ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ወደብ ናት። ከኋላዋ የአታካማ በረሃ ተዘርግቷል፤ በዓለም እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ከበረሃው ማዶ የአንዲስ ተራሮች ቆመዋል፤ በረዶ የለበሱ፣ አንዳንዶቹም ዛሬም የሚያጨሱ እሳተ ገሞራዎች። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ውሃ አጠራት። እናም እ.ኤ.አ. በ1958 ቶኮንሴ የተባለውን የተራራ ወንዝ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ አውርደው አመጡላት። ውሃ በወረፋ ለሚጠጣ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ መንገር አያስፈልግም። በሬ ይረዱ አይረዱ እንጃ እንጂ አንድ የእኔን አባት የመሰለ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ወደ ፀሐይ ያነሣ ሰው፣ እዚያም ሳይኖር አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

የቶኮንሴ ውሃ በአንድ ሊትር 870 ማይክሮግራም ያህል አርሴኒክ ነበረበት። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ቢጠሩት የማይሰማ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከተማዋ ከዚያ በፊት የምትጠጣው 90 ገደማ ነበረበት፤ እሱም ቢሆን ደግ አልነበረም። አሁን አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያመጣው ደግሞ ፋብሪካ አይደለም፤ የእሳተ ገሞራው ዓለት ነው። ከምድር ሆድ የሚፈላው ውሃ በዓለቱ ውስጥ ሲያልፍ አርሴኒኩን እያሟሟ ይዞት ይወጣል፤ ወንዙ ይቀበለዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሞች የልጆች ቆዳ ላይ የሚጠቁርና የሚነጣ ነጠብጣብ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደግሞ እንደ ኪንታሮት ያለ ጠጣር ነገር ማየት ጀመሩ። የሞቱ ልጆች አስከሬን ሲመረመር የአንዳንዶቹ የደም ሥር እንደ ሽማግሌ ወፍሮ ተገኘ፤ በልብ ድካም የሚሞት ልጅ! እ.ኤ.አ. በ1970 ማጣሪያ ተሠራ። አሠራሩ የሚገርም አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የብረት ጨው ይጨምራሉ፣ አርሴኒኩ ብረቱን ሙጥኝ ይላል፣ ተያይዘው ሲዘቅጡ ውሃው ተጣርቶ ያልፋል። የእናቴ እንስራ በትልቁ ማለት ነው። መጠኑ ወደ 110 ወረደ፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ከዚያም በታች።

አሥራ ሁለት ዓመት ነው እንግዲህ የጠጡት። እኔም እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። የሳንባና የፊኛ ነቀርሳ ሞት ማሻቀብ የጀመረው ውሃው ከመጣ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ ጣሪያ የነካው ደግሞ ማጣሪያው ከቆመ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ነው። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አለን ስሚዝና የቺሊ ባልደረቦቻቸው የሞት መዝገቡን እያገላበጡ ነው ይህን ያገኙት። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ በማኅፀን ወይም በጨቅላነት የነበሩት ልጆች አድገው ከ30 እስከ 49 ዓመት ዕድሜያቸው ሲደርስ በሳንባ ነቀርሳ የሞቱት ከቀሪው የቺሊ ሕዝብ ስድስትና ሰባት እጥፍ ሆነው ተገኙ። ጡት እየጠቡ ያለፈባቸው ነገር፣ ሚስትና ልጅ ካፈሩ በኋላ ሂሳቡን ሊቀበል መጣ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ስተረጉም እህቴ ሠላሳ ዓመት እንደ ሞላት ትዝ አለኝ። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። ጀበናውን ጥጄ ውሃውን ረስቼ ቆየሁ።

ከአንቶፋጋስታ ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ካማሮኔስ የሚባል ሸለቆ አለ። ወንዙ በሊትር 1,000 ማይክሮግራም ያህል አርሴኒክ ይዞ ይወርዳል። በዚያ አገር ቺንቾሮ የተባሉ ዓሣ አጥማጆች ከ7,000 ዓመት በፊት ሬሳ በጥበብ አድርቀው ያቆዩ ነበር፤ ከግብፆቹ በሺህ ዓመታት የሚቀድም ነው። በፀጉራቸው ውስጥ ዛሬም አርሴኒክ ይገኛል። በካማሮኔስ ከተገኙት ጥንታውያን ሬሳዎች መካከል ሕፃናትና ጨቅሎች አሉ። የቺሊው ተመራማሪ በርናርዶ አሪያሳ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ግምት ሰነዘሩ፦ ያ ወንዝ ጽንስ ያስወርድ፣ ሕፃናትን ይቀጥፍ ነበር፤ ወላጆቹም ሐዘኑን አልችል ብለው ልጆቻቸውን ከመቅበር ይልቅ ገላቸውን እየጠበቁ ማቆየት ጀመሩ። ግምት ነው፤ ማረጋገጥ አይቻልም። እኔ ግን እናቴን አውቃለሁና አምኜዋለሁ። በነገራችን ላይ የዚያ ሸለቆ የዛሬ ነዋሪዎች አርሴኒክን ቶሎ የሚያስወግድ የዘር ባሕርይ በብዛት እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ሰባት ሺህ ዓመት ከታገሡ ገላም ይለምዳል ማለት ነው።

የተራራው ነገር የቺሊ ብቻ አይደለም። ከሂማላያ የሚወርዱት እነ ጋንጅስና ብራህማፑትራ ለዘመናት ያወረዱት ደለል ነው የቤንጋል ሜዳ። አርሴኒኩ በደለሉ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። የባንግላዴሽ ሕዝብ የኩሬና የወንዝ ውሃ እየጠጣ ልጆቹ በተቅማጥ ሲያልቁበት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዩኒሴፍና በመንግሥት አነሣሽነት በሚሊዮን የሚቆጠር የፓምፕ ጉድጓድ ተቆፈረለት። እዚያም እውነተኛ ደስታ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ካልካታ ላይ የቆዳ ሐኪሙ ኬ. ሲ. ሳሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያን ነጠብጣብ በሕመምተኞች ላይ አዩ። አለን ስሚዝ በ2000 ባቀረቡት ጽሑፍ በባንግላዴሽ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን ሕዝብ ለአደጋው ተጋልጧል ብለው፣ በታሪክ ከታየው የሕዝብ መመረዝ ሁሉ ትልቁ ነው አሉት።

ከዚህ ሁሉ ያስቀረኝ ግን የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። አንድ የእንግሊዝ መንግሥት የጂኦሎጂ ተቋም በ1992 የባንግላዴሽ ጉድጓዶችን ውሃ መርምሮ ዘገባ አውጥቶ ነበር። ብዙ ነገር ፈልጎበታል፤ አርሴኒክን ግን አልፈለገም። አንድ የታመመ የመንደር ሰው ለንደን ድረስ ከሰሰ። ጉዳዩ የእንግሊዝ የመጨረሻው ችሎት ዘንድ ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2006 ከሳሹ ተረታ። የዳኞቹ ነገር ሲጠቃለል፣ ተቋሙ ላልመረመረው ነገር በዚያ መንደር ሰው ፊት ኃላፊነት የለበትም የሚል ነው። ሕጉን ላልከራከረው እችላለሁ። ግን «ተመርምሯል» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሰማትም።

ስለ ማዕድን ሳላነሣ ብቀር ተራራው ብቻውን ይከሰሳል። ወርቅና መዳብ ባለበት ዓለት አርሴኒክ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው፤ ከብረትና ከድኝ ጋር ተቆላልፎ በጨለማ ይቀመጣል። ሳይነካ ከተተወ የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ዓለቱ ተፈንድቶ፣ ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ ሜዳ ላይ ተቆልሎ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን ቁልፉ ይፈታል። ተራራው በሺህ ዓመት የሚለቀውን ሰው በጥቂት ክረምት ይለቀዋል። በእኛም አገር፣ በጉጂ ሻኪሶ አጠገብ፣ ከለገደምቢ የወርቅ ማውጫ በታች የሚኖሩ ሰዎች ስለሚጨነግፍ ጽንስና አካላቸው ሳይሟላ ስለሚወለዱ ልጆች ዓመታት ጮኸው፣ በ2010 ዓ.ም. ተቃውሞው በርትቶ የማውጫው ፈቃድ ታግዶ ነበር። በአካባቢው ውሃና አፈር ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከተገኙት መርዞች አንዱ አርሴኒክ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ጽፏል። እዚያ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ቢያንስ በሩን ያውቀዋል። የእኔ መንደር ሰው ማንን ያንኳኳ? ስምጥ ሸለቆን?

ስምጥ ሸለቆ ማለት የእኛ አንዲስ ነው፤ የተገለበጠ አንዲስ፣ ወደ ታች የወረደ። አመዱም፣ ከውሃ በላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋዩም፣ ፍል ውሃውም የእሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። ፍሎራይድ ከዚያ ዓለት ይወጣል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የእኛ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ሶዳ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ የሚይዘው የለም። የሶዳው ብዛት አርሴኒክንም ከዓለቱ ያላቅቃል። ስለዚህ ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከተወሰዱ 138 የውሃ ናሙናዎች ከመቶ 33ቱ ከተፈቀደው 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ፣ ከመቶ 7ቱ ደግሞ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ነበረባቸው። ስለ ፍሎራይዱ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት ይታወቃል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ጥርስን አልፎ አጥንት ስለሚያደርቀው ፍሎራይድ በ1987 አሳትመዋል። በፈረንጅ 1987። የእኛ ጉድጓድ የተቆፈረው በእኛ 1987 ነው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፌ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ።

ትርጉሙን አስረክቤ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ፣ ልረሳው ስሞክር እህቴ ደወለች። የሌሊት ተረኛ ሆናለች፤ ልጇን የምትይዝላት ሠራተኛ ጥላት ሄዳለች። ሕፃኗ ሁለት ዓመቷ ነው። «ትምህርት ቤት እስክትገባ እማዬ ጋ ላድርጋት መሰለኝ» አለችኝ። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «እትዬ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለችና ዘጋችው።

ቅዳሜ ሄድሁ። አባቴ እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ አንገታቸውን ማዞር ትተው ሰው ሲጠራቸው በሙሉ ገላቸው ነው የሚዞሩት። እርጅና ነው ይላሉ። ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ቦኖው ድረስ ሄደው ወረፋውን ያያሉ። ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነገሩን ከቺሊ ጀመርሁት። ከሩቅ ልጀምር ብዬ ነው፤ ገብቷቸዋል መሰለኝ አላቋረጡኝም።

«ስንት ዓመት ጠጡት?» አሉ።

«አሥራ ሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ማጣሪያ ተሠራ።»

«እኛ ስንት ሆነን?»

«ሠላሳ፣ አባባ።»

ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። የኮሚቴው ፋይል ነው፤ ማመልከቻዎቹ፣ ደረሰኞቹ፣ የበሬው ሂሳብ ሳይቀር። ከሁሉ በታች የውሃው ምርመራ ወረቀት ነበር። መነጽራቸውን ሰጡኝና «አንብቢልኝ» አሉ። የተቅማጥ ጀርም፦ የለም። ድፍርስነት፦ የለም። ከፍሎራይድ ትይዩ አንዲት ሰረዝ አለች። አርሴኒክ የሚል መስመር ከመጀመሪያውም የለም።

«ተመርምሯል ብለውኝ ነበር እኮ» አሉ።

«ለተቅማጥ ነው የተመረመረው፣ አባባ።»

ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። «እኔም ለተቅማጥ ነበር የፈለግሁት» አሉ።

እናቴ ከጓዳ ስትሰማ ነበር። መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «ለእሷ'ኮ አንድ ቀን ሳላፈላ አጠጥቻት አላውቅም» አለች። «በዚያኛው ደንግጬ፣ በቀን ሁለቴ፣ እስኪንተከተክ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነበር የማጠጣት።»

የተረጎምሁት ጽሑፍ ላይ፣ ገጽ አሥራ አራት ይመስለኛል፣ መፍላት አርሴኒክንም ፍሎራይድንም አያጠፋም ይላል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል እንጂ። «አውቃለሁ፣ እማዬ» አልኋት። ሌላ አልጨመርሁም። ይህን መጽሔት እንደማታነብ አውቃለሁ፤ ማንበብ አትችልም።

ሌሊቱን አባቴ ሲገላበጡ ይሰማኝ ነበር። ስነቃ ውጭ ናቸው። በቤቱ ዙሪያ እርምጃ እየለኩ፣ በሙሉ ገላቸው እየዞሩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያሉ።

«የዝናብ ውሃ ከዓለት አይደለም የሚመጣው» አሉኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ።

«አይደለም።»

«አሸንዳ ብናደርግለት... ሕፃን በቀን ስንት ይበቃታል? ለመጠጧም ለገንፎዋም?»

«አራት ሊትር ቢሆን።»

«ዝናብ የማይጥልበት ስምንት ወር። ሁለት መቶ አርባ ቀን።» በጣታቸው አየር ላይ ጻፉ። «ዘጠኝ መቶ ስልሳ። አንድ ሺህ የሚይዘው ሮቶ ይበቃታል።»

ይበቃታል አልሁ። ክዳኑ እንዲዘጋ፣ ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ያ ውሃ እንዲደፋ ነገርኋቸው። አልሰሙኝም። ፊታቸውን ወደ መንደሩ መልሰው ቆመው ነበር። እስክሪብቶ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። በምርመራው ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ከጫፍ ካለው ቤት ጀምረው፣ ስምንት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ስም በየቤቱ እያስታወሱ መጻፍ ያዙ።